የድሮ የጉዞ መጽሐፍን መልሶ ማንበብ፦ ጎንደር ላለ ሰው የቱ ይሻላል?

የጉዞ መጽሐፍ መጀመሪያ ሲነበብ አንባቢ ይቸኩላል። መንገደኛው ደረሰ? ተዘረፈ? ንጉሡ ፊት ቀረበ? በዳግም ንባብ ይህ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዓይን ከመንገዱ ላይ ይነሳና መንገደኛው ላይ ያርፋል። ምን በዓይኑ አየ? ምኑን ከሰው ሰምቶ እንዳየ አድርጎ ጻፈ? አብሮት የነበረውን ማንን ሳይጠራ አለፈ? ጎንደር ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ደስታ ይጨመርበታል፦ መጽሐፉን ይዞ ወጥቶ ማመሳከር። ቀሐና አንገረብ ዛሬም በዚያው ይወርዳሉ፤ ግንቡም አለ፤ ቁስቋምም ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ናት።

ስለዚህ ምርጫው በመጽሐፉ ዝና መሆን የለበትም። መለኪያው አንድ ነው፦ ከቤታችሁ በእግር ወጥታችሁ ስንቱን ገጽ መፈተን ትችላላችሁ? በዚህ ሚዛን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ያለው ሰው ፖንሴን ያንሳ። ክረምቱን ሙሉ የሚያነብ የብሩስን 3ኛና 4ኛ ቅጽ ይያዝ። ከድንጋይ ይልቅ ከሽማግሌዎች ጋር ማመሳከር የሚወድ ወደ 1950ዎቹና 60ዎቹ መንገደኞች ይሂድ። የፈረንጅ ቋንቋ የሚያደክመው ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ አያጣም፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

ፖንሴ፦ ትንሽ መጽሐፍ፣ ብዙ ክርክር

ሻርል ዣክ ፖንሴ ካይሮ የሚኖር ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ቀዳማዊ አጼ ኢያሱን እንዲያክም ተጠርቶ በጁን 1698 ከካይሮ ተነሳ፤ በረሃውን አቋርጦ በስናር በኩል አድርጎ ጁላይ 21 ቀን 1699 ጎንደር ገባ። አብሮት የመጣው የኢየሱሳውያን ቄስ ብሬቭዳን ከተማዋን ሳያይ መንገድ ላይ ሞተ። ፖንሴ እስከ ሜይ 2 ቀን 1700 ቆይቶ በምጽዋ በኩል ወጣ። እንግሊዝኛው ትርጉም በ1709 የታተመ የኪስ መጽሐፍ ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። የግርጌ ማስታወሻ ለሚፈልግ የሃክሉይት ማኅበር በ1949 ስለ ቀይ ባሕርና አካባቢው ያሳተመው ቅጽ ውስጥም ይገኛል። ለዳግም ንባብ እሱ ይሻላል፤ የተጣመሙትን የቦታ ስሞች የሚያቃና ሰው አለበትና።

ጎንደርን የሚመለከቱት ገጾች ጥቂት ቢሆኑም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። በከተማዋ ሱቅ የለም፤ ገበያው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ ዕቃው በምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፤ መገበያያው ወርቅና የድንጋይ ጨው ነው ይላል። የእኛ አሞሌ መሆኑ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱን ወደ መቶ ያደርሳቸዋል። ጎንደሬ ደግሞ አርባ አራት ነው የሚል። እዚህ ላይ ቸኩሎ «ዋሸ» ከማለት በፊት ሌላውን ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል፦ የከተማዋን ስፋት ከ3 እስከ 4 ሊዩ ይለዋል። የፈረንሳይ ሊዩ እንደየአካባቢው ቢለያይም ከ4 ኪሎ ሜትር ብዙ አያንስም። ቀጥታ ርዝመት ማለቱ ከሆነ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለውን መንገድ ሁሉ ከተማ አደረገው ማለት ነው፤ ይህ አያስኬድም። ዙሪያውን ማለቱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ተነስቶ በቁስቋም በኩል ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዶ ዞሮ የተመለሰ እግረኛ ቁጥሩን በጣም የተጋነነ አይለውም። መቶውም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ከጨመረ ይቀርባል።

የፖንሴ ድካሙ ያየውንና የሰማውን በአንድ ድምፅ መናገሩ ነው። በአየር ላይ ተንሳፋፊ የወርቅ በትር የሚያወራው ገጽ ከገበያው ገጽ በምንም አይለይም፤ ሁለቱም በተመሳሳይ እርጋታ ተጽፈዋል። በዘመኑም ብዙ ሰው አላመነውም፤ ኋላ ብሩስ ነው የተከራከረለት። ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ፦ በእርሳስ በኅዳጉ ላይ «አ» (አየ)፣ «ሰ» (ሰማ)፣ «?» እያሉ ምልክት ማድረግ። ለአንድ ሐሳብ አንድ ምልክት ይበቃል። ሲጨርሱ «አ»ዎቹን ብቻ ለቅሞ ማንበብ ነው፤ የቀረው ትንሽ መጽሐፍ ከሙሉው የበለጠ ይታመናል፤ ብዙውን ጊዜም ይበልጥ ይጥማል።

ብሩስ፦ ከአምስቱ ቅጽ የትኞቹን?

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ወርዶ፣ ሊማሊሞን (እሱ ላማልሞን ይለዋል) ወጥቶ፣ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ፤ በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ለቆ ወጣ። መጽሐፉ በ1790 በኤዲንብራ በአምስት ትልልቅ ቅጾች ታተመ። አምስቱንም ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ መልሶ ለማንበብ የተነሳ ሰው ግብፅ ላይ ደክሞት ይተዋል፤ የተለመደ ስሕተት ነው። 1ኛው ቅጽ ግብፅ፣ ቀይ ባሕርና ጥንታዊ ታሪክ ነው። 2ኛው የነገሥታቱ ታሪክ ሲሆን በአብዛኛው የተቀዳው ከዜና መዋዕል ስለሆነ ዜና መዋዕሉን ራሱን ማንበብ ይመረጣል። 3ኛው ከምጽዋ ጎንደር፣ ከጎንደር ግሽ ዓባይ ነው። 4ኛው የራስ ሚካኤል ስሑል ጦርነቶች፣ የሰርባኩሳ ውጊያና በስናር በኩል መመለሱ። 5ኛው ዕፅዋትና እንስሳት፦ ኮሶ፣ ጤፍ፣ እንሰት፣ በኋላ በብሩስ ስም የተጠራው ዋጊኖስ። ጎንደር ላለ ሰው 3ና 4 ዋናዎቹ ናቸው፤ 5ኛው እርሻ አጠገብ ለሚኖር ሰው የእሁድ ከሰዓት መዝናኛ ይሆናል።

በአንድ ቅጽ የተመረጠ ነገር ለሚፈልግ ቤኪንግሃም በ1964 ያዘጋጀው አለ። ለመጀመሪያ ንባብ ጥሩ ነው፤ ለዳግም ንባብ ግን አንመክረውም። የተቆረጠው ነው መልሶ ሲነበብ የሚጥመው፤ የቤተ መንግሥቱ ሐሜት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ኑሮ፣ የፈንጣጣው ሕክምና ዝርዝር። ከሁሉ የሚበልጠው አሌክሳንደር መሪ በ1805 ያወጣው ሁለተኛው ዕትም ነው (በ1813 ደግሞ ታትሟል)፤ ከብሩስ የራሱ ማስታወሻዎችም ጨምሮበታልና። ይህ ለምን ይጠቅማል? ብሩስ መጽሐፉን ያጽፍ የነበረው አገሩ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ በቃሉ እየነገረ ስለሆነ ነው። ቀን ይምታታል፤ ንግግሩ እየተዋበ ይሄዳል። ማስታወሻው በመንገድ ላይ የተጻፈ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በራሱ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ ማለት ነው።

በዳግም ንባብ ብቻ የሚታይ አንድ ሰው አለ፦ ሉዊጂ ባሉጋኒ። የቦሎኛ ሰው ነው፤ ከብሩስ ጋር የመጣ ሠዓሊ። እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ ባሉጋኒ ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ ይጽፋል፤ የባሉጋኒ የራሱ መዝገብ ግን አብሮት ግሽ እንደደረሰ ያሳያል። መጀመሪያ ሲነበብ ይህ አይታወቅምና የምንጩ ምዕራፍ የድል ምዕራፍ ነው፤ ብሩስ በኮኮናት ቅርፊት ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ይጠጣል። በሁለተኛው ንባብ ግን ከጎኑ የቆመ፣ ስሙ የተፋቀ ሰው አለ። ከእነሱ 152 ዓመት ቀድሞ በ1618 እዚያው የደረሰው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝም አለ፤ እሱንም ብሩስ አላየም ብሎ ይክደዋል። የሰውየው ድፍረትና ቅናት አንድ ገጽ ላይ ነው ያሉት።

ከመክፈታችሁ በፊት የስም ወረቀት አዘጋጁ፤ ያለሱ ግማሹ ሰው ይጠፋችኋል። ኮስካም ቁስቋም ነው። ካሃ ቀሐ፤ አንግራብ አንገረብ፤ ኦዞሮ ወይዘሮ (ኦዞሮ ኤስተር ወይዘሮ አስቴር ናት)፤ ጉሾ ጎሹ፤ ፖውሰን ወንድ በወሰን፤ ሰርብራክሶስ ሰርባኩሳ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ብዙውን ያቃናዋል። ብሩስ በጆሮው የሰማውን ነውና የጻፈው፣ ጎንደሬ ጆሮ ከመዝገበ ቃላት ይፈጥናል።

የቀን ጣጣ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሩስ ግሽ የደረሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ዛሬ ኖቬምበር 4 ጥቅምት 25 ይውላል፤ በዚያ ዓመት ግን ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. ነበር፤ የመድኃኔ ዓለም ዕለት። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ሳያቋርጥ 6 ያደርጋል፤ የፈረንጁ ግን በ1700፣ በ1800ና በ1900 አንድ አንድ ቀን አስቀርቷል። ስለዚህ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የእኛው ቀን ዛሬ ከለመድነው ወደ ፊት ይገፋል። ደንቡ ይህ ነው፦ ዛሬ በለመዳችሁት ቀን ላይ፣ ከማርች 1900 በፊት ለሆነ 1፣ ከማርች 1800 በፊት ለሆነ 2፣ ከማርች 1700 በፊት ለሆነ 3 ቀን ጨምሩ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይቀነሳል፤ ያንን ከዘመኑ ወንጌላዊ ታገኙታላችሁ። በዚህ ስሌት ፖንሴ ጎንደር የገባው ሐምሌ 17 ቀን 1691 ዓ.ም. ነው፤ ድፍን ክረምት። የወጣው ሚያዝያ 26 ቀን 1692 ዓ.ም.። የስልክ መቀየሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ በብሩስ ቀን ፈትኑት፤ ጥቅምት 27 ካላለ ለድሮ ዘመን አይሆንም።

ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ? ጎንደር ውስጥ ብዙ ነገር የሚሆነው በበዓል ቀን ነው። «ሕዝቡ ተሰብስቦ አየሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቀኑ ሲቃና የማን ክብረ በዓል እንደነበር ይናገራል። መንገደኛው ራሱ ያላወቀውን አንባቢው ያውቃል።

መጽሐፉን ይዞ መውጣት

ብሩስ ጎንደርን በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰብ አላት ይላል፤ ቤቶቹ የጭቃ፣ ክዳናቸው ሾጣጣ የሣር። ቤተ መንግሥቱ አራት ማዕዘን፣ በማዕዘኖቹ ግንብ ያለው፣ ከላዩ ወደ ደቡብ እስከ ጣና የሚያሳይ፤ የዙፋን አዳራሹ ከ120 ጫማ በላይ ርዝመት፣ የቅጥሩ ከፍታ 30 ጫማ። አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ 36 ሜትር ተኩል፣ ቅጥሩ 9 ሜትር ያህል። ሜትር ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ቤታችሁ ውስጥ 10 ሜትር ለክታችሁ በተለመደ አረማመዳችሁ ቁጠሩ፤ እርምጃው 75 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 120 ጫማ 49 እርምጃ ግድም ይሆናል። ፋሲል ግቢ ገብታችሁ የትኛው አዳራሽ 49 እርምጃ እንደሚሞላ ራሳችሁ ቁጠሩ። ውጤቱን እዚህ አንጽፍም፤ ጨዋታው ያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ዛሬ ካልተገኘ ጸሐፊው ዋሽቷል ማለት አይደለም። በ1866 አጼ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1888 ደርቡሾች፤ በ1941 የእንግሊዝ ቦምብ ግቢው ላይ ወደቀ። ፒያሳ ላይ የሚታየው ብዙው ሕንፃ ደግሞ የጣልያን ዘመን ነው። ስለዚህ ከ1866 በፊት የተጻፈ ሁሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ከተማ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። ሳይጠፋ የቀረው የቦታው አቀማመጥ ነው፦ የትኛው ኮረብታ ከየት ይታያል፣ ከግቢው ቁስቋም ለመድረስ ምን ያህል ያስወጣል፣ ወንዙ በየት ይሻገራል። ለፈተና የሚመረጡት እነዚህ ናቸው። ብሩስ ከእቴጌይቱ ዘንድ ወደ ንጉሡ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚጽፈውን፣ ዳገቱን አንድ ጊዜ በእግር የወጣ ሰው በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ወረቀት፣ ስካን ወይስ ኮፒ ቤት

የ1790ው ዋና ቅጂ የሙዚየም ዕቃ ነው፤ እንተወው። የቀሩት ሦስት መንገዶች ናቸው።

በነፃ የሚወርድ ስካን ለብዙ ሰው ይበቃል፤ አንዱ ቅጽ ብዙ አሥር ሜጋባይት ስለሆነ መብራትና ኔትዎርክ ባለበት ሰዓት አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ነገሮች ያበላሹታል። አንደኛ፣ ተጣጥፈው የሚገቡት ካርታዎች ሳይዘረጉ ፎቶ የተነሱበት ቅጂ ብዙ ነው፤ ከማውረዳችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ በ1790ው ኅትመት «ኤስ» የሚለው ፊደል በቃል መካከል ሲገባ ረጅም ሆኖ «ኤፍ»ን ይመስላል። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም ስለሚሳሳት ኮስካም «ኮፍካም»፣ ፋሲል «ፋፊል» ሆነው ይቀመጣሉ። «ቁስቋምን ፈልጌ አንድ ቦታ አጣሁ» የሚል ሰው ምክንያቱ ይህ ነው። በተሳሳተው ፊደል ፈልጉ፣ ወይም የ1813ቱን ዕትም ተጠቀሙ።

በትእዛዝ የሚታተመው አዲስ ቅጂ ደግሞ ከዚያው ስካን የተሠራ ስለሆነ ጉድለቱን ሁሉ ይወርሳል፤ ካርታ ጭራሽ የሌለው ሊገጥማችሁ ይችላል። ለዚህ ብር ከማውጣት ሦስተኛው መንገድ ይሻላል፦ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ኮፒ ቤት ማሳተም። በአንድ ገጽታ ሁለት የመጽሐፍ ገጽ፣ በወረቀቱ ሁለት ፊት ካደረጋችሁ 100 ገጽ በ25 ኤ4 ወረቀት ያልቃል። የብሩስ ፊደል ትልቅ ስለሆነ ቢያንስም ይነበባል፤ የሚያስቸግረው የግርጌ ማስታወሻው ነው፤ እሱን ከስልክ ላይ አስፉት። በስፓይራል ሲጠረዝ ከጎን ሁለት ሳንቲ ሜትር ባዶ እንዲተውላችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ጽሑፉን ይበላዋል፤ ለ«አ»ና ለ«ሰ» ምልክትም ቦታ አይኖርም። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ በሦስተኛው ንባብ አስተያየታችሁን ትቀይራላችሁና።

ቅርብ ዘመንን ለሚመርጡ

ቶማስ ፓከንሃም በ1959 ያሳተመው መጽሐፍ መሳፍንቱ ይታሰሩበት የነበረውን ወኅኒ አምባን ፍለጋ ነው። ደርቭላ መርፊ በ1968 ያሳተመችው ደግሞ ከምጽዋ ተነስታ፣ በቅሎ እየነዳች፣ በሰሜን ተራሮች በኩል ጎንደር ገብታ እስከ አዲስ አበባ የሄደችበት ነው። ለአንድ ጊዜ ንባብ ፓከንሃም ልብ ይሰቅላል፤ ምሥጢር አለው፣ ምሥጢሩ ሲፈታ ግን ኃይሉ ይቀንሳል። የመርፊ የየቀን ማስታወሻ ስለሆነ ከየትም ገጽ ቢከፈት ይነበባል፤ ለዳግም ንባብ እሷ ትበልጣለች። የዚህ ዘመን ትልቅ ጥቅም ምስክር መኖሩ ነው፦ በ60ዎቹ ጎንደር ጎልማሳ የነበሩ እናትና አባቶች ዛሬም አሉ። አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ መልሳችሁ አንብቡላቸውና ዝም በሉ። የሚነሳው ክርክር ከመጽሐፉ ሊረዝም ይችላል።

በአማርኛ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት የመንገደኛ መምሪያ ፈረንሳይኛና አማርኛ ጎን ለጎን የያዘ ነው፤ በምልልስ መልክ የተጻፈ። ጸሐፊው የዘጌ ሰው ናቸውና አማርኛቸው ለጣና አካባቢ ጆሮ ቅርብ ነው፤ ለቋንቋው ብቻ እንኳ ሁለት ጊዜ ይነበባል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ የጃፓን ጉዟቸውን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጎንደርን አይነካም፤ ታዲያ ለምን እዚህ ገባ? ከብሩስ ቀጥሎ ሲነበብ ሚዛኑ ስለሚገለበጥ ነው፤ አሁን እንግዳው እኛ ነን፤ የሚደነቀው፣ የሚያወዳድረው፣ ስም አጣምሞ የሚጽፈው የእኛ ሰው ነው። ያንኑ የ«አ»ና የ«ሰ» ምልክት እሳቸውም ላይ ሞክሩት።